ችኩሏና የአጥሩ መቀስ

ክቡራትና ክቡራን፤

ከሁሉ በፊት ምስጋና። የመናፈሻችን ኃላፊ ወይዘሮ ሰብለወንጌል፣ ፍልሰታ እስኪፈታ ድረስ ስንብቴን ስላቆዩልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በሽሮ ብትሸኙኝ ኖሮ ቅር ብሎኝ እሄድ ነበር። አሁን የክርስቲያኑም የእስላሙም ድስት ለየብቻው ሲንተከተክ ይሰማኛል። ይህን ያህል እንደምትወዱኝ ባውቅ ኖሮ ከአምስት ዓመት በፊት እሰናበት ነበር።

ስጦታውንም አይቼዋለሁ። በሚያብለጨልጭ ወረቀት ብትጠቀልሉትም ጋቢ መሆኑ ያስታውቃል። ሲሰጠኝ ግን ደንግጬ፣ «ምን ይሆን?» እላለሁ፤ እናንተም እመኑኝ።

ሐምሌ ላይ የተቀጠራችሁና በቅጡ የማታውቁኝ አላችሁ። አሻግሬ እባላለሁ። በዚህ የሐይቅ ዳር መናፈሻ ሃያ ሦስት ዓመት አትክልተኛ ነበርኩ። በመዝገብ ስድሳ ዓመቴ ነው። መዝገቡን ግን አትመኑት። ስቀጠር ጸሐፊው ፊቴን አየት አደረገና፣ «የትውልድ ዘመንዎን ስንት ልበል?» አለኝ። «ደስ ያለህን በል» አልኩት። ደስ ያለውን አለ። ስለዚህ ዛሬ ጡረታ የወጣሁት እኔ ልሁን፣ ያ ጸሐፊ የወለደው ሰውዬ ይሁን፣ ገና አልተጣራም።

ከሰባቱ የልጅ ልጆቼ ትልቋ ፋና ጠዋት ከቤት ስወጣ፣ «አባባ፣ ዛሬ እንኳ ሰው አታብሽቅ» ብላኝ ነበር። እሺ ብያታለሁ። እሺ ማለት መቼም አይከብድም።

እንግዲህ ከፊት የተቀመጠውን አቶ ዝናውን ተመልከቱልኝ። የንብረት ክፍላችን ኃላፊ ነው። ንግግር ከጀመርኩ ወዲህ እጄን እንጂ ፊቴን አላየም። ምክንያት አለው። ጡረታ የሚወጣ ሠራተኛ የወሰደውን ንብረት መልሶ ክሊራንስ ማስፈረም አለበት። እኔም መልሻለሁ። ዶማውን፣ አካፋውን፣ የውሃ ጎማውን፣ አንድም ቀን እግሬን አስገብቼበት የማላውቀውን ቦቲ ጫማ ሳይቀር አስረክቤያለሁ። የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ትልቁ የአጥር መቀስ። ቢሮአችን ደግሞ ከሱ ሌላ መቀስ የለውም።

ሦስት ሳምንት ሙሉ የኔና የሱ ጨዋታ ይኸው ነው።

«ጋሽ አሻግሬ፣ መቀሱስ?»

«አለ።»

«የት ነው ያለው?»

«ደህና ቦታ።»

«ጋሼ፣ እኔ ካልፈረምኩ እኮ የጡረታ ወረቀትዎ አይንቀሳቀስም።»

«እኔስ መቼ እንቀሳቀሳለሁ? ተያይዘን እንቀመጣለን።»

ባለፈው ሰኞ ቤቴ ድረስ መጣ። «ልጠይቅዎ ብዬ ነው» አለ። እየጠየቀኝ ግን ዓይኑ ከአልጋው ሥር አልወጣም። ባለቤቴ እናትነሽ አየችውና፣ «ዝናው፣ ድመት ጠፍታብህ ነው?» አለችው። ሻይውን ሳይጨርስ ወጣ።

ዝናው፣ አብሽር። መቀሱ ዛሬ፣ እዚሁ፣ ይህ ንግግር ሳያልቅ ይመለሳል። ግን ለምን እንደደበቅሁት ሳልናገር ብመልሰው፣ ሌባ መስዬ ልሄድ ነው። ሌባስ አይደለሁም። ከሌባ የባሰ ነገር ግን አድርጌያለሁ፤ እሱን ልናገር ነው የቆምኩት።

ነገሩ የችኩሏ ነገር ነው።

ችኩሏን የማያውቅ የለም። በበሩ ሲገባ በስተግራ፣ ከአግዳሚው ወንበር አጠገብ ያለችው ቁጥቋጦ ናት። አሁን ነሐሴ ስለሆነ ቅጠል ብቻ ሆና፣ ምንም የማታውቅ መስላ ቆማለች። እንዴት እንደመጣች ግን ከእኔና ከአንድ ሰው በቀር በደንብ የሚያውቅ የለም።

ያ ሰው አሲያ ናት። አሲያ፣ አትደበቂ፤ ከውሃ በርሜሉ ጀርባ ሆነሽ ሻርፕሽ ይታየኛል።

ስምንት ዓመት ሆነው። አሲያ ከዓረብ አገር ተመልሳ እዚህ በተቀጠረች በሁለተኛው ቀን፣ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ቀጭን እንጨት ይዛ መጣች። ሰው ከዚያ ሲመለስ ብርድ ልብስ ያመጣል፣ ወርቅ ያመጣል፣ ቢያጣ ቢያጣ ሽቶ ያመጣል።

«ይኸ ምንድን ነው?» አልኳት።

«እንጨት ነው፣ ጋሼ።»

«እንጨትነቱማ ይታየኛል። አምባሰል እንጨት አልቆ ነው ባሕር ተሻግረሽ ያመጣሽው?»

አልተቆጣችም። ጨርቁን ፈታ አሳየችኝ። «እሠራበት የነበረው ቤት ግቢ ውስጥ የነበረች ናት» አለች። «ጣኢፍ ተራራ ላይ ነው፣ ብርድ ነው። ጥር ላይ ሌላው ተክል ሁሉ እንደሞተ ቆሞ ሳለ፣ እሷ ቅጠል እንኳ ሳታወጣ ቢጫ ትለብሳለች። የቤቱ አሮጊት በዓረብኛ ‹ችኩሏ› ነበር የሚሏት። ስድስት ዓመት ከዚያ ቤት በር አልወጣሁም፣ ጋሼ። ወላሂ፣ በመስኮት እሷን እያየሁ ነው ዓመቱን የምቆጥረው።»

ከበሩ አጠገብ ተከልናት። ጸደቀች። አደገች። ወገቤ ደረሰች፣ ደረቴ ደረሰች። አበባ ግን የለም።

ጥር መጣ፣ የለም። በዓመቱም ጥር መጣ፣ የለም። እኔን ታውቁኛላችሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር አግኝቼ ዝም የምል ሰው አይደለሁም። በየዓመቱ ጥር ሲገባ ጠዋት ጠዋት ቁጥቋጦዋ ፊት እቆምና እጄን ግንባሬ ላይ ጋርጄ፣ እንደ ስሜ አሻግሬ ለማየት አንገቴን አሰግግ ነበር።

«አሲያ፣ ችኩሏ ዛሬም አልቸኮለችም?»

እናንተ ትስቃላችሁ። እሷም መጀመሪያ መጀመሪያ አብራ ትስቅ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ፈገግ አለች። በአምስተኛው መጥረጊያዋን ይዛ ወደ ሌላ በኩል ሄደች። እኔ ግን ጨዋታ ነው ብዬ ቀጠልኩ። በስድስተኛው ዓመት ያው ነገሬን ስጀምር ዞር ብላ ምን አለችኝ?

«ጋሼ፣ ይተዉኝ በቃ። ምናልባት እዚያም አላበበች ይሆናል። ስድስት ዓመት አንድ መስኮት ብቻ ያየ ሰው ያላየውን አየሁ ሳይል አይቀርም።»

ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ችኩሏ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

አሁን ወደ መቀሱ ልመለስ። ዝናው፣ ቀና በል፤ ያንተ ክፍል ደርሷል።

በየዓመቱ ነሐሴ መጨረሻ ምን እናደርጋለን? አዲስ ዓመት ሲያልፍ፣ መስቀል ሲያልፍ፣ የግሸን ማርያም ተሳላሚ በአውቶብስ ይመጣል። እዚህ በር ላይ ወርዶ ውሃ ይጠጣል፣ እግሩን ያፍታታል። እንግዳ ሊመጣ ነውና የመንገዱን ዳር ድንጋይ ኖራ እንቀባለን፤ ቁጥቋጦውን ሁሉ ደግሞ እንከረክማለን። የሚከረክመውስ ማነው? አሻግሬ ነው። ስከረክም ደግሞ አልሳሳም። ከእጄ የወጣ ተክል ሁሉ ትናንት ካምፕ የገባ ምልምል ወታደር ነው የሚመስለው። ችኩሏንም እንደዚያው። ስድስት ነሐሴ፣ ስድስት ጊዜ፣ በክረምቱ ያወጣችውን ለምለም ዘንግ ሁሉ ክብ አድርጌ ላጨሁት።

አምና ነሐሴ ስብሰባ ተቀመጥን። በቃለ ጉባኤው «ማበብ ያልቻለችው ቁጥቋጦ ተነቅላ በቦታዋ የማስታወቂያ ሰሌዳ ይተከል» ተባለ። መጀመሪያ እጁን ያወጣው ማን ነበር? እኔ ነኝ። አሲያ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ነበር። እጇን አላወጣችም፤ አልተቃወመችምም።

የምትነቀል ስለሆነች ለበዓሉ አልከረከምኳትም። ነገ ለሚፈርስ ቤት ማን ቀለም ይቀባል? ትነቀል የሚለው ደብዳቤ ለፊርማ ተላከ። ፈራሚው ስብሰባ ገቡ። ከስብሰባ ሲወጡ ማኅተም ያዡ ለቅሶ ሄደ። ከለቅሶ ሲመለስ ደብዳቤው ሌላ ፋይል ውስጥ ገብቶ ተገኘ፤ እንደገና ይጻፍ ተባለ። ስለ ቢሮአችን ፍጥነት ብዙ አምቼ አውቃለሁ። ዛሬ በይፋ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ነፍስ ያዳነው ያ ፍጥነት ነው።

ጥር አሥራ አራት ቀን ጠዋት ከሐይቁ የሚነሳው ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። ወደ በሩ ስመጣ አንድ ሰው ቢጫ ልብሱን አጥቦ ቁጥቋጦ ላይ ያሰጣ መሰለኝ። ተናደድኩ። «ማነው ደግሞ መናፈሻውን ጓሮው ያደረገው?» እያልኩ፣ ልብሱን ጎትቼ ልጥል እጄን ዘርግቼ ደረስኩ።

ልብስ አይደለም። አንዲት ቅጠል የላትም። ከሥሯ እስከ ጫፏ እንጨቷ እስከማይታይ ድረስ አበባ ነው። ንቡ ቀድሞኝ ሥራ ገብቷል።

እጄን እንደዘረጋሁ አሲያ መጥረጊያዋን ይዛ ደረሰች። ቆመች። መጥረጊያውን ቀስ አድርጋ መሬት ላይ አስተኛችው። ከዚያ ወደኔ ዞራ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎም ያዩዋታል?»

ክቡራትና ክቡራን፣ እዚህ ላይ ምን ብል ጥሩ ነበር? «አያታለሁ፣ ልጄ። እውነትሽን ነበር።» አምስት ቃል አይሞላም። እኔ ግን ጉሮሮዬን ጠረግሁና፣ «ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነበር» አልኳት።

የቀረውን ታውቃላችሁ። ለጥር አስተርእዮ ማርያም ወደ ግሸን የሚሄደው አውቶብስ ሁሉ በር ላይ ቆመ። አንዲት ተሳላሚ እናት ቁጥቋጦዋ ሥር ቆመው፣ «እናንተ ጋ መስከረም ሁለት ጊዜ ነው እንዴ የሚመጣው?» አሉ። የባጃጁ ማህዲ፣ «ጋሼ፣ ሰው መናፈሻው ጋ ማለት ትቷል፤ ‹አበባዋ ጋ አድርሰኝ› ነው የሚለኝ» አለኝ። ትነቀል ተብሎ የተጻፈው ደብዳቤም በዚያው ሳምንት ተፈርሞ መጣ፤ ወይዘሮ ሰብለወንጌል አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ለጠየቀኝ ሁሉ እኔ «ዝናቡ ነው» እላለሁ።

ዝናቡ አልነበረም። አውቄዋለሁ።

ያወቅሁት እንዲህ ነው። አበባው ሳይረግፍ አንድ ቀን ቀረብ ብዬ ዞርኳት። በአግዳሚው ወንበር በኩል አንድ ጎኗ መላጣ ነው፤ አንዲት አበባ የለውም። ለምን? አምና ነሐሴ የእናትነሽን ቲማቲም የማስደግፍበት ዘንግ ፈልጌ ከዚያ ጎን አምስት ስድስት ቅርንጫፍ ቆርጬ ነበር። የተቆረጠው ጎን ባዶ፣ ያልተነካው ጎን ቢጫ። ለሁለቱም ጎን የዘነበው ዝናብ አንድ ነው።

ይቺ ቁጥቋጦ የጥርን አበባ የምታዘጋጀው በክረምት በምታወጣው ዘንግ ላይ ነው። እምቡጧን ይዛ፣ ዝም ብላ፣ ወራት ትጠብቃለች። እኛ ደግሞ ነሐሴ ላይ እናሳምራት ብለን ያረገዘችውን ሁሉ እንቆርጣለን። ለመስከረሙ ተሳላሚ ስንል የጥርን ተሳላሚ አበባ እንነሳለን። ስድስት ዓመት መካን ናት ያልናት እሷ አልነበረችም። መካን ያደረጋት ይኸ እጅ ነው፤ ያሾፈባት ደግሞ ይኸ አፍ።

ይህን ሳውቅ ምን አደረግሁ? ሰባት ወር ዝም አልኩ። ሃያ ሦስት ዓመት አትክልተኛ ነኝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ፣ መቼ እንደሚከረከም አላውቅም ነበር ልል ነው? ዝናቡን ማመስገን ቀለለኝ።

በዚህ ወር መጀመሪያ የበዓሉ የሥራ ዕቅድ ወጣ። ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ሂዱና አንብቡ። ነሐሴ ሃያ አምስት፣ «የመናፈሻችን ኩራት የሆነችው ቁጥቋጦ በልዩ ጥንቃቄ እንደ ኳስ ክብ ሆና ትከርከም» ይላል። ያ ሁሉ አበባ ፍቅር አምጥቶባት ነው። ስትጠላ ተርፋ ስትወደድ ልትቆረጥ።

ወይዘሮ ሰብለወንጌል ቢሮ ገባሁ። ያስታውሳሉ፣ እመቤቴ?

«ዘንድሮ ችኩሏን ብንተዋትስ?» አልኩ።

«ለምን?»

«እንዲሁ… ልምድ ነው።»

«ጋሽ አሻግሬ፣ ጥር ላይ ያበበችው በዝናቡ ነው ያሉኝ እርስዎ ራስዎ አይደሉም? ዝናቡ ዘንድሮም ደህና ነው። መከርከሙ ምን ያደርጋታል?»

የገዛ ውሸቴ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። አንድ ቃል መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን ወጣሁና መቀሱን ደበቅሁ። እውነቱን ከመናገር መቀስ መደበቅ የሚቀለው ሽማግሌ አይታችሁ ካላወቃችሁ፣ ይኸው ቆሜላችኋለሁ።

አሁን ግን ልሄድ ነው። ነሐሴ ሃያ አምስት ሊደርስ አራት ቀን ቀርቶታል። መቀስ ደግሞ ዘላለም አልጋ ሥር አይኖርም። አዎ ዝናው፣ አልጋ ሥር ነበር፤ ትንሽ ጎንበስ ብትል ታገኘው ነበር።

ስለዚህ በሁላችሁም ፊት ልናገር። ዝናቡ አይደለም። መቀሱ ነው። መቀሱን የያዝኩት እኔ ነኝ።

አሲያ፣ ወደዚህ ነይ። ነይ፣ አልነክስሽም፤ ጥርሴም ብዙ አልቀረም። ያየሽውን አየሁ ብለሽ ነገርሽን። እኔ ስድስት ዓመት አሾፍኩብሽ፣ በመጨረሻ የገዛ ዓይንሽን እስክትጠረጥሪ ድረስ። በጠየቅሽኝም ቀን ዋሸሁሽ። ይቅር በዪኝ። ጨዋታ ነበር አልልም። ጨዋታ የሚሆነው ሁለቱም ሲስቁ ነው፤ አንቺ መሳቅ ካቆምሽ ቆይቷል።

ምን አለች? አልሰማችኋትም፤ እኔ ልንገራችሁ። «አውፍ ብያለሁ፤ ግን አፍዎ ጥር ላይ ይታሰር» አለች። እሺ። ጥርን ሙሉ እታሰራለሁ። ከየካቲት አንድ ጀምሮ ግን ዋስ ፈልጊ።

እንግዲህ ዝናው፣ ቁም። በዚህ ጋዜጣ የተጠቀለለው መቀሱ ነው። እንካ፣ ተረከብ። ቅጹን እዚሁ ፈርምልኝ። «አንድ የአጥር መቀስ፣ ተመላሽ።» ፈረምክ? ማኅተሙስ? ጎሽ። አሁን ወረቀቴ ይንቀሳቀሳል።

ፍታው እስቲ፤ ሰውም ይየው።

አዎ፣ ሁለት ስለት ነው፤ አንዱ በቀኝህ፣ አንዱ በግራህ። መሐሉ ላይ የሚያያይዘው ብሎን የለም። አትደንግጥ፣ አልጠፋም። ቅጹን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ መቀስ ይላል እንጂ ስለ ብሎን የሚል የለበትም።

ብሎኑ አሲያ ጋ ነው። አሁን ይቅርታ ስጠይቃት እጇ ውስጥ ያስቀመጥኩት እሱን ነው። መቼ እንደሚገባ እሷ ታውቃለች። አበባው ረግፎ ሲያልቅ፣ የካቲት መጨረሻ ላይ፣ ታስገባዋለች። ያኔ ችኩሏን እንደፈለጋችሁ ክብ አድርጓት፣ አራት ማዕዘን አድርጓት፣ ካሻችሁም የዝናውን ራስ አስመስሏት። ክረምት ከገባ በኋላ ግን ማንም አይንካት። ለዘንድሮው በዓል ድንጋዩን ኖራ ቀቡ፤ ድንጋይ አያብብም።

ወይዘሮ ሰብለወንጌል ሲስቁ አይቻለሁ። በቢሮአችን ደንብ አለቃ ከሳቀ ተፈቅዷል ማለት ነው። ቃለ ጉባኤ ያዥ፣ ጻፍልኝ። እመቤቴ፣ ዕቅዱንም እርስዎ በእስክሪብቶ ይሰርዙልኝ፤ ደብዳቤ እንዳይጻፍበት፣ በዚህ ጊዜ መዘግየቱ አያዋጣንም።

በሉ እጃችሁን ዘርጉ፤ ልመርቃችሁ። አሜን የምትሉም አሜን በሉ፣ አሚን የምትሉም አሚን በሉ።

ሐይቁ ዓሣውን አይንፈጋችሁ። ተሳላሚው በሰላም ወጥቶ በሰላም ይውረድ። ባሕር ማዶ ያለ ልጃችሁ በእግሩ ገብቶ ያየውን ይንገራችሁ፤ እናንተም የምትሰሙበት ጆሮ ይስጣችሁ። የደረቀ የመሰላችሁ ነገር ባላሰባችሁት ወር ያብብላችሁ። ላሳምርህ ብሎ ከሚከረክማችሁ ወዳጅ ይሰውራችሁ። ደብዳቤያችሁ፣ ክፉው ይዘግይ፣ ደጉ ይፍጠን። ሐምሌ የገባችሁት አዲሶቹ እዚህ አርጁ፤ ስታረጁ ደግሞ እንደኔ ሳይሆን ቶሎ እመኑ።

እኔ ሩቅ አልሄድም። ጥር አሥራ አራት ጠዋት ያልገመትኩትን ጋቢ ለብሼ ከበሩ አጠገብ እቆማለሁ። አሲያ፣ መጥረጊያሽን አስቀምጪና ያኔ የጠየቅሽኝን እንደገና ጠይቂኝ። አፌ ታስሯል፤ ራሴን ነቅንቄ አዎ እልሻለሁ።